«የብርቱካን ልጣጭ» ምንድን ነው? በስፕሬይ የተቀባ የእንጨት ካቢኔት ገጽ ለምን አይለሰልስም?

በስፕሬይ የተቀባ የካቢኔት በር ፊት ለፊት ሲያዩት እንከን የሌለው መስሎ፣ ብርሃን ከጎን ሲያርፍበት ግን ገጹ በጥቃቅን ጉብታዎችና ስርጉዶች የተሞላ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ቀለም ቀቢዎች ይህን እንከን የብርቱካን ልጣጭ ይሉታል። በእጅ ሲዳሰስ አይሻክርም፤ የሚታወቀው በተለይ በላዩ የሚንጸባረቀው የመስኮት ወይም የመብራት ምስል ጠርዙ ሲንቀጠቀጥና ሲደበዝዝ ነው። በዚህም ምክንያት በአንጸባራቂ ቀለም ላይ ጎልቶ ሲወጣ፣ በማያንጸባርቅ ቀለም ላይ ያው ጉብታ እያለ ዓይን ሊያልፈው ይችላል።

የስፕሬይ ጋን ቀለሙን ወደ ጥቃቅን ጠብታዎች በትኖ ይረጨዋል እንጂ ለስላሳ ሽፋን አድርጎ አያነጥፈውም። እያንዳንዱ ጠብታ እንጨቱ ላይ ሲያርፍ ጉብታ ይሠራል፣ ከጎኑ ካለው ጠብታ ጋር ይዋሐዳል፣ ከዚያም የፈሳሹ የገጽ ውጥረት ጉብታውን ወደ ታች እየሳበ ስርጉዱን እንዲሞላ ያደርገዋል። ይህን መስተካከል የሚያዘገየው ቀለሙ ለመፍሰስ የሚያሳየው ተቃውሞ ነው፤ ቲነሩ (ቀለም ማቅጠኛው ፈሳሽ) ወይም ውኃው በተነነ ቁጥር ደግሞ ተቃውሞው እየበረታ ይሄዳል። ቀለሙ ጠፍጣፋ ሳይሆን በፊት መፍሰስ ካቆመ፣ የጠብታዎቹ አሻራ እንደነበረ ደርቆ ይቀራል። እንከኑ ሲታይ መርጫውን መውቀስና በውድ መርጫ መለወጥ የተለመደ ቢሆንም፣ የገጹ ልስላሴ የሚወሰነው በአብዛኛው ቀለሙ ካረፈ በኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ስለሆነ፣ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው እነዚያን ደቂቃዎች ያሳጠራቸው ነገር ነው።

የፈሳሽን ገጽ መስተካከል የሚገልጸው የፊዚክስ ስሌት ለዚህ ሥራ ሁለት ጠቃሚ ነገሮች ይነግረናል። የመጀመሪያው፣ ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ በሁለት ጉብታዎች ጫፍ መካከል ያለው ርቀት በግማሽ ቢያንስ፣ ገጹ የሚስተካከልበት ፍጥነት 16 እጥፍ መሆኑ ነው። ደቃቅ ጠብታ የሚተወው ሞገድ አጭር ስለሆነ ቶሎ ይጠፋል፤ ትልቅ ጠብታ የሚተወው ሰፊ ሞገድ ግን ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስ ሊቆይ ይችላል። ሁለተኛው፣ የእርጥቡ ሽፋን ውፍረት እጥፍ ቢሆን የመስተካከሉ ፍጥነት 8 እጥፍ ማደጉ ነው። እውነተኛ ቀለም በተለይም ውኃ መሠረት ያለው ቀለም ሲቆም የሚረጋ ባሕርይ ስላለው ከስሌቱ ያፈነግጣል፤ አቅጣጫው ግን አይለወጥም።

ይህ ሁለተኛው ነጥብ ብዙ ጀማሪ ከሚያስበው ጋር ይጋጫል። ቀለም እንዳይወርድበት የሚፈራ ሰው መርጫውን አርቆ፣ እጁን አፍጥኖ፣ በጣም ስስ ሽፋን እየደጋገመ ይረጫል፤ እንዲህ ያለ ሽፋን ግን ለመፍሰስ የሚበቃ ውፍረት ስለሌለው የብርቱካን ልጣጭን ያባብሳል እንጂ አያጠፋም። ትክክለኛው ሽፋን ሲያርፍ ያለማቋረጥ እርጥብ ሆኖ የሚያበራ ነው። በእርግጥ ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ በቆመ ገጽ ላይ ሽፋኑ በወፈረ መጠን ወደ ታች የመንሸራተቱ ፍጥነትም ይጨምራል። ሆኖም የካቢኔት በርና መሳቢያ ከማጠፊያው ተፈትቶ አግድም ሊጋደም ስለሚችል፣ ይህን ችግር ማለፍ ግድግዳ ከሚቀባ ሰው ይልቅ ለካቢኔት ቀቢ ይቀለዋል። በሩን ቆሞ እንዳለ ከመርጨት ይልቅ ማጠፊያዎቹን ለመፍታት የሚጠፋው ጊዜ ፈጽሞ የባከነ አይደለም።

የጠብታው መጠን የሚወሰነው በቀለሙ ቅጥነት፣ በአየሩ ግፊትና ቀለሙ በሚወጣበት አፍ፣ ማለትም በኖዝሉ ቀዳዳ ነው። ቅጥነቱን በዓይን ከመገመት ይልቅ ከሥሩ የተለካ ቀዳዳ ባለው ኩባያ መለካት ይሻላል፤ ለምሳሌ ፎርድ ቁጥር 4 በሚባለው ኩባያ 100 ሚሊ ሊትር ያህል ቀለም ሞልቶ ፍሰቱ እስኪቆራረጥ ድረስ ያለውን ሰከንድ መቁጠር በቂ ሲሆን፣ የሚፈለገው ሰከንድ በአምራቹ መመሪያ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከሚገባው በላይ ማቅጠን ቀለሙን ለመውረድ ከማጋለጡም በላይ የመሸፈን ኃይሉን ይቀንሰዋል። ግፊቱ ሲያንስ ጠብታው ይተልቃል፤ ከመጠን ሲያልፍ ደግሞ ጠብታው ደቅቆ አየር ላይ እያለ ግማሹ ይደርቅና እንጨቱ ላይ ሲደርስ ከጎረቤቱ ጋር አይዋሐድም። ኤችቪኤልፒ በሚባሉት ዝቅተኛ ግፊት ያላቸው መርጫዎች ላይ የሚቆጠረው ግፊት ከአየር ቆቡ (ከኖዝሉ ፊት ካለው ክዳን) የሚወጣው ሲሆን፣ ይህም ከ0.7 ባር ገደማ አይበልጥም። ከኮምፕሬሰሩ ላይ የሚነበበው ቁጥር በቱቦውና በመጋጠሚያዎቹ ውስጥ ስለሚቀንስ ይህን አያሳይም። ለላከር (ፈጥኖ ለሚደርቅ የእንጨት ቀለም) እና ለመሰል ቀጫጭን ቀለሞች 1.3 ወይም 1.4 ሚሊ ሜትር ኖዝል የተለመደ ሲሆን፣ ወፍራም ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባው የሥር ሽፋን) 1.8 እና ከዚያ በላይ ሊፈልግ ይችላል።

የእጅ አያያዙን በተመለከተ፣ እንዲህ ባለው መርጫ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ጠብቆ፣ የእጅ አንጓን ሳያጥፉ ክንድን ከገጹ ጋር ትይዩ አድርጎ ማንቀሳቀስና እያንዳንዱን መስመር ያለፈውን በግማሽ እንዲደርብ ማድረግ ይበቃል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የቲነሩ ዓይነት ነው። በሞቃትና ነፋሻ ቦታ ቶሎ የሚተን ቲነር ቀለሙ የሚፈስበትን ጊዜ ስለሚያሳጥር፣ ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር ወይም ማዘግያ መጨመር ያስፈልጋል፤ ቀዝቃዛ ቀለም ደግሞ ስለሚወፍር፣ በቲነር ከማቅጠን በፊት ወደ ክፍሉ ሙቀት እንዲደርስ ማድረግ ይገባል። ውኃ መሠረት ያለው ቀለም በደረቅና ሞቃት አየር ፈጥኖ ይያዛል፤ አየሩ በእርጥበት ሲሞላ ደግሞ መድረቁ ይዘገይና የመውረድ አደጋው ይጨምራል። የሚተነው ቲነር ለእሳትም ለሳንባም አደገኛ ስለሆነ ነፋስ ማናፈሻ፣ ለኬሚካል ትነት የተሠራ ጭንብልና ከእሳት ብልጭታ መራቅ የግድ ናቸው፤ ማጠንከሪያቸው አይሶሳይኔት የተባለ ለሳንባ አደገኛ ኬሚካል ያለበት ባለሁለት ክፍል ቀለሞች ደግሞ ከዚህም የጠበቀ ጥንቃቄ ይጠይቃሉ።

በእንጨት ላይ የሚታይ ጉድለት ሁሉ የብርቱካን ልጣጭ አይደለም። ኦክና አሽ የመሳሰሉ ክፍት ቀዳዳ ያላቸው እንጨቶች መሙያ ካልተደረገላቸው፣ ቀዳዳቸው በቀለሙ ሥር ይታያል፤ ይህ ግን የእንጨቱን ጭረት ተከትሎ በመስመር ሲሄድ፣ የብርቱካን ልጣጭ በየአቅጣጫው አንድ ዓይነት ነው። ክብ ጉድጓዶች እዚህም እዚያም ከታዩ፣ የሲሊኮን ወይም የቅባት ብክለት መጠርጠር አለበት። ገጹ እንደ አሸዋ ከሻከረ ጠብታው ደርቆ ደርሷል ማለት ነው። ከሥር ያለው ፕራይመር የብርቱካን ልጣጭ ካለው ደግሞ፣ የላዩ ቀለም ቢያምርም ሞገዱ ወደ ላይ ይወጣልና ፕራይመሩን በ320 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ማስተካከል ያስፈልጋል።

እንከኑ ከደረሰ፣ ቀለሙ ሙሉ በሙሉ እስኪጠነክር መታገሥ ይገባል፤ ያልጠነከረ ቀለም ወረቀቱን ይደፍነዋል። ከዚያ በ400 ቁጥር ወረቀት፣ በጠፍጣፋ ድጋፍ ላይ ተጠቅልሎ ሲታሽ፣ ጉብታዎቹ ቀድመው ይደበዝዛሉ፤ ስርጉዶቹ እያበሩ ይቆያሉ። የሚያበራ ነጥብ እስኪጠፋ ድረስ ከታሸ በኋላ አቧራው ተጠርጎ፣ ቅጥነቱ የተስተካከለ ቀለም እንደገና ይረጫል። በቂ ውፍረት ያለው አንጸባራቂ ላከር ከሆነ፣ ሳይረጩ ከ1000 እስከ 2000 ባሉ ቁጥሮች አለስልሶ በማጥሪያ ክሬም መወልወል ይቻላል፤ የማያንጸባርቅ ቀለም ግን ሲወለወል የሚያበራ ቦታ ስለሚፈጠርበት፣ መፍትሔው ዳግም መርጨት ብቻ ነው።