የትምህርት ቴክኖሎጂ ባለሙያዎች የት ይሠለጥናሉ? አጠቃላይ ዳሰሳ

የትምህርት ቴክኖሎጂ ባለሙያ የሚባለው በዩኒቨርሲቲ ወይም በኮሌጅ ውስጥ መምህራን ቴክኖሎጂን ለማስተማርና ለምዘና በደንብ እንዲጠቀሙበት የሚያግዝ ሠራተኛ ነው። የኦንላይን መማሪያ ሥርዓቱን ያስተዳድራል። ኮርስ ሲነደፍ ከመምህሩ ጎን ይቀመጣል። ቪዲዮ ይቀርጻል፣ ፈተና በኦንላይን ያዘጋጃል፣ ሥልጠና ይሰጣል። የፈተና ሰሞን ደግሞ «ተማሪዬ መልሱን መላክ አቃተው» የሚለውን ስልክ የሚያነሳውም እሱው ነው። መጠሪያው አንድ አይደለም። አንዱ ተቋም የኢ-ለርኒንግ ባለሙያ ይለዋል፤ ሌላው የኮርስ ዲዛይነር፤ ሌላው ዝም ብሎ፣ በታወቀው የኦንላይን መማሪያ ሥርዓት ስም፣ «የሙድል ሰውዬ» ይለዋል።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላል። እዚህ ሙያ ውስጥ ግን ነገሩ ተገልብጧል። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ጠምጥሞ ነው መማር የሚጀምረው። አንዱ ከመምህርነት ይመጣል፣ አንዱ ከአይቲ ክፍል፣ አንዷ ከቤተ መጻሕፍት። ወደ ሙያው የሚያስገባ አንድ የታወቀ ዲግሪ የለም። ስለዚህ ሥልጠና የሚባለው ነገር በአብዛኛው ሥራ ላይ ሆኖ የሚገኝ ነው። ይህ ዳሰሳ የሚያየው እሱን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሙያው እንዴት ተወለደ

ሥሩ ሩቅ ነው። አሜሪካ ውስጥ ዛሬ በአጭሩ ኤኢሲቲ የሚባለው የትምህርት ኮሙኒኬሽንና ቴክኖሎጂ ማኅበር የተመሠረተው በ1923 ነው። ያኔ ወሬው ሁሉ ስለ ሥዕል፣ ስለ ስላይድና ስለ ፊልም ነበር። በ1960 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ፕላቶ የተባለውን በኮምፒውተር የማስተማሪያ ሥርዓት ጀመረ።

የዩኒቨርሲቲ የሥራ መደብ ሆኖ ሲያድግ ደረጃ በደረጃ መከታተል የሚቻለው ግን በብሪታንያ ነው። ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በ1969 ተቋቁሞ በ1971 የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች ተቀበለ። እዚያ ኮርስ የሚዘጋጀው በአንድ መምህር ሳይሆን በቡድን ነበር። መምህሩ፣ አርታኢው፣ የቢቢሲ ፕሮዲውሰሩ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጡ ነበር። የዛሬው የትምህርት ቴክኖሎጂ ባለሙያ አያቱን የሚያገኘው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1980ዎቹ የብሪታንያ መንግሥት ኮምፒውተር በማስተማር ሥራ እንዲገባ የሚደግፍ ፕሮግራም ከፈተ። በ1992 ደግሞ የማስተማርና የመማር ቴክኖሎጂ ፕሮግራም የተባለ ሌላ ትልቅ ፈንድ መጣ። በዚህ ገንዘብ ዩኒቨርሲቲዎች ሰው ቀጠሩ። ቅጥሩ ግን የኮንትራት ነበር። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ሰውየውም ዕቃውን ሰብስቦ ይወጣል። የሥራ መደቡ የዕድገት መሰላል ሳይኖረው መቆየቱ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ከዚያ የመማሪያ ሥርዓቶቹ መጡ። ዌብሲቲ ካናዳ ውስጥ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተሠራ። ብላክቦርድ በ1997 ተመሠረተ። አውስትራሊያዊው ማርቲን ዱጊያማስ የጀመረው ሙድል የመጀመሪያውን ሙሉ እትም በ2002 አወጣ። ሥርዓቱ አንዴ ከገባ በኋላ የሚይዘው ሰው ያስፈልጋል። የኮንትራት ሠራተኛው ቋሚ መሆን የጀመረው በዚህ ጊዜ ነው።

ቋሚ ይሁን እንጂ ቦታው የት እንደሆነ ዛሬም ያከራክራል። መምህር ነው እንዳይባል ክፍል የለውም። የአስተዳደር ሠራተኛ ነው እንዳይባል ስለ ሥርዓተ ትምህርት ይከራከራል። ሴሊያ ዊትቸርች የተባሉት ተመራማሪ በ2008 እንዲህ ያሉ ሠራተኞች የሚገኙበትን መሃል ስፍራ «ሦስተኛው ቦታ» አሉት። ስያሜው ለብዙዎች ልብ ደርሷል። ችግሩ የሥልጠና በጀት የሚመደበው ለአንደኛውና ለሁለተኛው ቦታ መሆኑ ነው።

አልት እና ሲማልት

በዚህ ዳሰሳ ሰፊውን ቦታ የሚወስደው ይህ ክፍል ነው። መውሰድም አለበት።

የመማሪያ ቴክኖሎጂ ማኅበር፣ በአጭሩ አልት፣ በብሪታንያ የተመሠረተው በ1993 ነው። የዩኒቨርሲቲ፣ የኮሌጅና የኩባንያ ሰዎችን በአንድ ጣሪያ ሥር አሰባሰበ። ዓመታዊ ኮንፈረንስ ያካሂዳል። የምርምር መጽሔትም አለው። መጽሔቱ ከ2012 ጀምሮ ለማንም በነጻ ክፍት ነው። የማስታወቂያ ብሮሹር እንጂ ጥናት ለማይደርሳቸው ባለሙያዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የማኅበሩ ትልቁ ሥራ ግን ሲማልት ነው። ሲማልት የምስክር ወረቀት ያለው አባልነት ነው። ፈተና የለውም። ክፍል ገብቶ መቀመጥም የለም። አመልካቹ የገዛ ሥራውን የሚያሳይ ፖርትፎሊዮ ያዘጋጃል፤ የሙያ ባልደረቦቹ ይገመግሙታል።

ፖርትፎሊዮው በመሠረቱ አራት ዋና ዋና ጉዳዮችን ይጠይቃል። መጀመሪያ ቴክኖሎጂውን ራሱን፦ ምን ይችላል? ምን ያቅተዋል? ለምን ይኼኛው ተመረጠ? ቀጥሎ መማር፣ ማስተማርና ምዘና ይመጣል። ሦስተኛው ሰፊው አውድ ነው፤ ሕግ፣ ፖሊሲ፣ የግል መረጃ ጥበቃ፣ የቅጂ መብት፣ ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽነት። አራተኛው ከሰው ጋር ተግባብቶ መሥራት ነው። በዚህ ላይ አመልካቹ ራሱ የሚመርጠው አንድ የልዩ ሙያ መስክ ይጨመራል።

ለእያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ነገር ይፈለጋል። የሠራኸውን ግለጽ። ማስረጃ አቅርብ። ከዚያ መለስ ብለህ አስብበት። ብዙ ሰው የሚወድቅበት ሦስተኛው ላይ ነው። «ለመምህራን ሥልጠና ሰጠሁ፤ ሁሉም ረክተው ሄዱ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ገምጋሚው የሚፈልገው ሌላ ነው። ምን አልሠራም? ለምን? በሚቀጥለው ምን ትለውጣለህ? የጥሩ ፖርትፎሊዮ ምልክቱ ያልተሳካ ነገር በግልጽ የተጻፈበት መሆኑ ነው። ማስረጃውም ትልቅ ነገር መሆን የለበትም። ከመምህር ጋር የተጻጻፉት ኢሜይል፣ የሥልጠና ዕቅድ፣ የአንድ ኮርስ ገጽ ምስል ይበቃል። የባልደረባን ስም መሸፈን ግን እንዳይረሳ።

ምስክር ወረቀቱ ለዘላለም አይደለም። በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል፤ ባለሙያው ከዚያ ወዲህ ምን እንደተማረ ማሳየት አለበት። በኋላ ላይ ደግሞ ለጀማሪዎች ዝቅ ያለ፣ ለመሪዎች ከፍ ያለ ደረጃ ተጨምሯል። ፈቃደኛ የሆኑ አባላት ፖርትፎሊዮአቸውን ለሕዝብ ክፍት አድርገዋል። አመለክታለሁ ብሎ ባያስብ እንኳ እነዚህን ማንበብ ለማንም ጀማሪ ይጠቅማል። ሌላ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ ሰው ያንኑ ችግር እንዴት እንደፈታው ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ነገር የለም።

ተቃውሞም አለ። አንዳንዶች ሙያው ክፍት በር ስላለው ነው ያማረው፣ የምስክር ወረቀት ወረፋና አጥር ያመጣል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ቀጣሪው ካላወቀው ምን ዋጋ አለው ይላሉ። ሁለተኛው ክርክር ክብደት አለው። የመጀመሪያው ግን ፖርትፎሊዮ ጽፎ የማያውቅ ሰው ክርክር ይመስላል። ወረቀቱ ባይሰጥ እንኳ ጽሑፉ ራሱ ያስተምራል።

በብሪታንያ ከዚህ ጎን ለጎን አድቫንስ ኤችኢ የተባለው የከፍተኛ ትምህርት ድርጅት የሚሰጠው ፌሎሺፕ፣ ማለትም የማስተማር ሙያ ዕውቅና፣ አለ። አራት ደረጃ ያለው ሲሆን የተመሠረተው በ2006 በወጣውና በ2011 እና በ2023 በታደሰው የማስተማር ሙያ መስፈርት ላይ ነው። ዋናው ትኩረቱ ማስተማር ነው፤ ሆኖም መምህራንን የሚያሠለጥኑ የትምህርት ቴክኖሎጂ ሰዎችም ያገኙታል። የትኛው ይቅደም ለሚል ሰው፦ ዝንባሌው ወደ መምህርነት ከሆነ ፌሎሺፑ፣ እዚሁ ሙያ ላይ መቆየት ከሆነ ሲማልት።

ሌሎች ማኅበራት

በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ አካባቢ አስኪላይት አለ። የሲማልትን አሠራር ወደ ራሱ ክልል ወስዶታል። ጀማሪን ከልምድ ባለቤት ጋር የሚያገናኝ የመካሪነት ፕሮግራምም አለው። አሜሪካ ውስጥ ትልቁ ስም ኤጁኮዝ ነው። በ1998 ከሁለት ማኅበራት ውህደት ተወለደ። ኮንፈረንሱ ግዙፍ ነው፤ የአይቲ ኃላፊዎችና ሻጮች ግን ይበዙበታል። ስለ መጪው ቴክኖሎጂ የሚተነትነውን የሆራይዘን ሪፖርት ከ2018 ወዲህ የሚያወጣው እሱ ነው። በአፍሪካ ደረጃ ኢ-ለርኒንግ አፍሪካ የተባለው ኮንፈረንስ ከ2006 ጀምሮ ከአገር አገር እየዞረ ይካሄዳል።

ዲግሪና ክፍት ኮርስ

ማስተርስ መያዝ ለሚፈልግ ሙሉ በሙሉ በኦንላይን የሚሰጡ ፕሮግራሞች አሉ። የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የዲጂታል ትምህርት ማስተርስ እና የካናዳው አትባስካ ዩኒቨርሲቲ የክፍት፣ የዲጂታልና የርቀት ትምህርት ማስተርስ ስማቸው የታወቀ ነው። የእነዚህ ጥቅም ንባቡ ብቻ አይደለም። የኦንላይን ተማሪ መሆን ምን እንደሚመስል በራስ ላይ ማየት ነው። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ የቤት ሥራ መላክ ያቃተው ባለሙያ፣ በማግስቱ ያንኑ ስሞታ ይዞ የሚደውልን ተማሪ በሌላ ጆሮ ይሰማዋል።

ነጻ ኮርሶች ሌላው መንገድ ናቸው። በ2008 የኦንላይን ትምህርት ተመራማሪዎቹ ጆርጅ ሲመንስና ስቲቨን ዳውንስ በማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ በኩል አንድ ኮርስ ለዓለም ከፈቱ። ክፍያ ፈጽመው የተመዘገቡት 25 ነበሩ። በነጻ የገቡት ከ2,000 በላይ ሆኑ። ሙክ፣ ማለትም ለብዙ ሕዝብ የተከፈተ የኦንላይን ኮርስ፣ የሚለው ስም የወጣው ለዚህ ኮርስ ነው። ኮርሱ ስለ ኔትወርክ ዘመን መማር ነበርና የዚህ ሙያ ሰዎች ዋነኛ ደንበኞቹ ነበሩ። በ2012 ኮርሴራና ኤድኤክስ የተባሉት የኮርስ መድረኮች መጥተው ሙክ ሌላ መልክ ያዘ። ያኛው ውይይት ነበር፤ ይኼኛው በአብዛኛው ቪዲዮ ነው።

የአምራቾች ሥልጠና

የመማሪያ ሥርዓት የሚሠሩ ድርጅቶች የራሳቸውን ሥልጠናና ሰርተፊኬት ይሰጣሉ። የሙድል አካዳሚ በነጻ የሚወሰዱ ኮርሶች አሉት። ጠቃሚ ነው፤ ግን ዕድሜው የዕቃው ዕድሜ ነው። ብላክቦርድ በ2006 ዌብሲቲን ጠቀለለው፤ ከዚያ ዕቃው ቀስ በቀስ ከገበያ ወጣ። የዌብሲቲ ቁልፎችን በቃሉ የያዘ ሰው ዕውቀቱ አብሮ ወጣ። ጥሩ የፈተና ጥያቄ ማዘጋጀት የተማረው ግን ምንም አልጎደለበትም።

ምን መማር አለባቸው?

እዚህ ላይ ስምምነት የለም። ተመራማሪው ሪቻርድ ክላርክ በ1983 መሣሪያው ራሱ ትምህርትን አያሻሽልም፣ ዕቃ እንደሚያደርስ መኪና ነው ብሎ ጻፈ። ሌላው ተመራማሪ ሮበርት ኮዝማ መለሰለት፤ መሣሪያው የሚፈቅደውና የማይፈቅደው ነገር አለ አለ። ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። ባለሙያው ሁለቱንም ወገን ቢያውቅ ይሻለዋል፤ ከሻጭ ጋር ሲቀመጥ ያስፈልገዋልና።

ተመራማሪዎቹ ሚሽራና ኮለር በ2006 ያቀረቡት ማዕቀፍ የትምህርቱን ይዘት፣ የማስተማር ዘዴውንና ቴክኖሎጂውን አንድ ላይ ያያል። በሥልጠናዎች ውስጥ በብዛት የሚታይ ነው። የመማር ስልት የሚባለው ደግሞ፣ ተማሪው «በዓይኑ የሚማር» ወይም «በጆሮው የሚማር» ነው የሚለው፣ በ2008 የወጣ ሰፊ ግምገማ በቂ ማስረጃ አላገኘለትም። ዎርክሾፕ ላይ ግን ዛሬም ይሰጣል።

ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ተደራሽነት ነው። የዌብ ይዘት ተደራሽነት መመሪያው የመጨረሻ እትም፣ 2.2፣ የወጣው በ2023 ነው። ማየት የተሳነው ተማሪ ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ሲሰጠው ምንም አያነብም። ይህን ለማስተካከል የሚያስፈልገው የግማሽ ቀን ሥልጠና ነው።

2020 እና ከዚያ ወዲህ

ኮቪድ ሲመጣ 1.6 ቢሊዮን ገደማ ተማሪዎች ከክፍል ውጭ ሆኑ። ምድር ቤት ቢሮ የነበረው የትምህርት ቴክኖሎጂ ባለሙያ በአንድ ሳምንት ውስጥ በጣም ተፈላጊ ሆነ። ኮንፈረንሶች ወደ ኦንላይን ዞሩ፤ የጉዞ በጀት ያልነበረው ሁሉ መግባት ቻለ። ጥቂት ተመራማሪዎች በዚያው መጋቢት ወር ይህ «የድንገተኛ ጊዜ የርቀት ማስተማር» እንጂ በደንብ የተነደፈ የኦንላይን ትምህርት አይደለም ብለው ጻፉ። ልዩነቱን ለአለቆች ማስረዳት ከሥራው ዋና ክፍሎች አንዱ ሆነ።

ዌቢናሩ፣ ማለትም የኦንላይን ሴሚናሩ፣ አሁንም አለ። ጊዜው ግን የለም። ሥልጠናው በነጻ ቢሆንም በሥራ ሰዓት ተመልካቹ በአንድ ዓይኑ ዌቢናሩን፣ በሌላው የተማሪ ስሞታ ዝርዝሩን ነው የሚያየው። አንዳንድ ተቋማት በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ለመማር ብቻ ይመድባሉ። ብዙዎቹ ጋ ግን ሰዓቱ ወረቀት ላይ ብቻ ነው ያለው።

ቻትጂፒቲ በኅዳር 2022 ሲወጣ ደግሞ ጥያቄው ሁሉ ወደዚሁ ቢሮ ጎረፈ። ተማሪ ቢጠቀምበት ማጭበርበር ነው? ፈተናውን እንዴት እንቀይር? ሥልጠና ስጡን! ሥልጠናው ተሰጠ። የሚሰጠው ሰው ግን መሣሪያውን የነካው ያለፈው ሳምንት ነበር።