አልፋ 0.01 ማለት ከቅንጣቶቹ 1 በመቶው ብቻ ይጣበቃል ማለት አይደለም

የናኖ ቅንጣቶችን (በዓይን የማይታዩ እጅግ ደቃቅ ብናኞችን) የወንዝ ጉዞ በሞዴል ስናሰላ ደጋግሞ የሚያደናግረው አልፋ የተባለው የመጣበቅ መለኪያ ነው። አልፋ የሚቆጥረው ቅንጣቶችን ሳይሆን ግጭቶችን ነው፦ ቅንጣቱ ውሃው ከተሸከመው ደለል ጋር ሲጋጭ፣ ከስንት ግጭት በስንቱ ተጣብቆ ይቀራል? 0.01 ከሆነ ከመቶው በአንዱ። በቂ ጊዜ ካገኘ ግን ሁሉም ማለት ይቻላል ይጣበቃል።

አንድ የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ቅንጣት በቀን 10 ጊዜ ከደለል ጋር ይጋጫል እንበል። ወንዙ በሰከንድ 0.5 ሜትር፣ ማለትም በቀን 43 ኪሎ ሜትር ያህል ይፈሳል። አልፋ 1 ከሆነ ቅንጣቱ በአማካይ ከ2.4 ሰዓት በኋላ፣ 4.3 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ይጣበቃል። 0.01 ከሆነ 10 ቀንና 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወስድበታል። የደለሉ ቅንጣቶች ቁጥር እጥፍ ሲሆን ርቀቱ በግማሽ ያጥራል፤ ስለዚህ ክረምትና በጋን በአንድ አማካይ ማስላት ከባድ ስህተት ነው።

አልፋ ከ0 እስከ 1 መሆኑ እርግጥ ነው። ካልሲየም ሲበዛ አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ይላል፤ ከበሰበሰ ቅጠል የሚመጣው ሂዩሚክ አሲድ ቅንጣቱን ሲሸፍነው ደግሞ ብዙ ጊዜ ይወርዳል። ቁጥሩ ግን ከወንዝ ወንዝ ይለያያል። በተጣራ ውሃ የተለካውን አትውሰዱ፤ በራሱ በወንዙ ውሃ የተለካ ከሌለ ሞዴሉን በ0.001፣ በ0.01፣ በ0.1 እና በ1 አስኬዱና ውጤቱን ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ጻፉ።