የሳሳ የግቢ ሣር፦ የሚባለው እና እውነታው

ደብረ ብርሃን ውስጥ የግቢ ሣር ሳስቶ መሬቱ መታየት ሲጀምር ምክር ሰጪው ብዙ ነው። አብዛኛው ምክር ግን ሣሩን እንጂ አፈሩን አያይም። ለእኔ ዋናው ጉዳይ አፈሩ ነው።

«ውሃ አጥቶ ነው»

አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ከሥር ነው። በሰሜን ሸዋ ደጋ በሰፊው የሚገኘው ጥቁር መረሬ አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ ያብጣል። ሰው ሲመላለስበት፣ መኪና ሲቆምበት ደግሞ ይጠቀጠቃል። ያኔ አየር ወደ ታች አይገባም፤ ሥር ደግሞ ያለ አየር አይኖርም። ዝናብ ከጣለ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ረጅም ካቻቢቴ መሬቱ ላይ ተጫኑ። በግድ ከገባ አፈሩ ተጠቅጥቋል። እዚህ ላይ ውሃ መጨመር ያባብሰዋል።

«ማናፈስ በዶማ መገልበጥ ነው»

አይደለም። መገልበጥ በሕይወት ያለውን ሣር ሥሩን ይበጥሰዋል። ማናፈስ ማለት ሣሩ ባለበት ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሚጠልቁ ቀዳዳዎችን ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር እያራራቁ ማውጣት ነው። ሹል ብረት አፈሩን ወደ ጎን ስለሚገፋው ትንሽ ነው የሚጠቅመው። የሚሻለው አፈሩን ቆርጦ የሚያወጣ ቱቦ ነው፤ ብየዳ ቤት ጠባብ የብረት ቱቦ አፉን ስሎ እጀታ ቢበይድላችሁ ይበቃል። መሬቱ እርጥበት ይኑረው እንጂ ጭቃ አይሁን። በጭቃ ላይ የሚሠራ ሁሉ መልሶ ይጠቀጥቃል።

ቀዳዳውን በምን እንሙላው? ብዙዎች «አሸዋ ነስንስበት» ይላሉ። ጥቂት አሸዋ መረሬን አያላላውም። በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ነው የሚያላላው። ውሃ የሚተኛበት ግቢ ከሆነ ደግሞ ቀዳዳ ብቻውን አያድነውም፣ ቦይ ያስፈልጋል። በሰሜን ሸዋ የእነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች በጥቁር አፈር ማሳቸው ላይ መደብና ቦይ በእጃቸው የሚያወጡት ለዚሁ ነው።

«ዘሩን መበተን ይበቃል»

በደረቀ ሣር ላይ የወደቀ ዘር አፈር አይነካም፤ ወይ ይደርቃል፣ ወይ ወፍ ይለቅመዋል። ሣሩን አሳጥራችሁ እጨዱ፣ ደረቁን በሬክ ጥረጉ። ከዚያ ዝሩ፣ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ኮምፖስት አልብሱት፣ በእግር ረገጥ ረገጥ አድርጉት። እስኪበቅል ድረስ ላዩ አይድረቅ። ግቢያችሁ ያለው ሰርዶ ወይም ኪኩዩ የሚባለው ተሳቢ ሣር ከሆነ ግን ዘር ፍለጋ አትድከሙ። ሥር ያወጣ ቁራጭ ከወፍራሙ ቦታ ነቅላችሁ ባዶው ላይ በስንዝር ርቀት ትከሉ። በራሱ ይሳባል።

«መስቀል ካለፈ በኋላ ጭቃው ሲጠፈፍ ይዘራል»

ከ2,700 ሜትር በላይ ለሆነ ከተማ ይሄ አደገኛ ምክር ነው። ከጥቅምት ጀምሮ የሌሊት ውርጭ ይመጣል፣ ለጋ ቡቃያ ደግሞ አይችለውም። ሰርዶና ኪኩዩ ዝናቡ እንደያዘ፣ ሰኔ ላይ ቢተከሉ ከውርጩ በፊት ሥር ይሰዳሉ።

«ኅዳር ላይ የደረቀ ሣር ሞቷል»

የነባሩ ሰርዶ ቅጠል በውርጭ ይቃጠላል፤ ሥሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። ጫር አድርጋችሁ እዩት። ነጭና ጠንካራ ከሆነ አትንቀሉት፣ ሙቀት ሲመለስ ያቆጠቁጣል።

«ዩሪያ ቶሎ ያሳድገዋል»

ገና የበቀለውን ያቃጥለዋል። ሁለት ሦስቴ እስኪታጨድ ጠብቁ፣ ከዚያ በጥቂቱ በትናችሁ ወዲያው ውሃ አጠጡት። ስታጭዱም ከቁመቱ ሲሶውን ብቻ ቁረጡ።