ቀላል ታንክ ምንድን ነው?

የሁለተኛው የጣሊያን ወረራ ነገር በተነሣ ቁጥር አንድ ወሬ አብሮ ይመጣል። ጣሊያን ይዞት የመጣው «ቀላል ታንክ» ነበር፤ ቀላል ታንክ ማለት ደግሞ ትልቁን መሥራት ያቃተው የሚሠራው ቆርቆሮ ነው የሚል። ሰሞኑንም አንድ ሰው ይህንኑ በልበ ሙሉነት ጽፎ፣ ብዙዎች ሲያጸድቁለት አየሁ። ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፤ ምክንያቱም ወሬው ሁለት ነገር ያበላሻል። አንደኛ፣ በሽሬ፣ በደምበጉና ውጊያ የጣሊያንን ታንክ የማረኩትን ኢትዮጵያውያን ሥራ ያሳንሳል። ቆርቆሮ መቅደድ ምን ጀግንነት አለው? ሁለተኛ፣ የታንክን ታሪክ ይገለብጠዋል። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው ታንክ በአብዛኛው የተወለደው ከዚያ ከተናቀው ከቀላሉ ነው።

ቀላል ታንክን በኪሎ ብቻ አትለኩት። የሚለየው የተሰጠው ሥራ ነው። ከእግረኛው ጎን መሄድ፣ እየቀደመ መቃኘት፣ የጠላት መስመር ሲሰበር በቀዳዳው ገብቶ ኋላውን ማተራመስ። ምሽጉን ፊት ለፊት ገጥሞ መስበር የከባዱ ድርሻ ነው።

አንበሳ አውቶቡስንና ሚኒባስ ታክሲን አስቡ። ሚኒባስን «አውቶቡስ መሆን ያቃተው» የሚል ሰው የለም። አውቶቡሱ ብዙ ሰው ይጭናል፤ ግን ሰፊ መንገድ ይፈልጋል፤ አንዱ ሲበላሽ ሰልፉ እዚያው ይቀራል። ሚኒባሱ የሚጭነው ጥቂት ነው፤ ግን ቁጥሩ ብዙ ነው፣ ኮረኮንቹንም ይገባበታል፣ አንዱ ቢቆም ከኋላው ሌላ ይመጣል። የፈረንሳዩ የመድፈኛ መኮንን ዣን ባቲስት ኤስቲየን ያሰበው ይህንኑ ነው። ጥቂት ግዙፍ ታንክ ከማሰለፍ ብዙ ትንንሽ ታንክ እንደ ንብ መንጋ መልቀቅ ይሻላል አለ። ሉዊ ሬኖ ፋብሪካውን ይዞ ገባበት። ሬኖ ኤፍቲ የሚባለው ታንክ እንዲህ መጣ። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ከአንድ ቀን በስተቀር።)

የኤፍቲን ነገር ለመረዳት የእንግሊዙን ማርክ 1 ውስጥ ማየት ያስፈልጋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1916፣ በፈረንሳይ በሶም ግንባር ውጊያ የገባው የመጀመሪያው ታንክ ነው። 28 ቶን ገደማ ይመዝናል። ስምንት ሰው ይይዛል፤ ከስምንቱ አራቱ ታንኩን ለመንዳት ብቻ ይፈለጋሉ። ሞተሩ መሀላቸው ላይ ተቀምጧል፤ ሙቀቱና ጭሱ ያው እነሱ የሚተነፍሱት ነው። መድፉ ከጎንና ጎን ስለተሰካ፣ ሌላ አቅጣጫ ለመተኮስ ታንኩ ራሱ መዞር አለበት።

ኤፍቲ ይህን ሁሉ አፈረሰው። ነጂው ፊት ተቀመጠ። ሞተሩ ወደ ኋላ ሄዶ በግድግዳ ተለየ። መሀል ላይ ቱሬት ተገጠመ፤ ቱሬት ማለት መሣሪያውን ይዞ ዙሪያውን የሚዞረው የላይኛው ክፍል ነው፤ በውስጡ ወይ 37 ሚሊ ሜትር መድፍ ወይ መትረየስ አለ። 6.5 ቶን፣ 35 የፈረስ ጉልበት፣ ሁለት ሰው፤ በቃ። ፍጥነቱ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ፈጣን አልነበረም ማለት ነው፤ «ቀላል ስለሆነ ፈጣን ነው» የሚለውም ስሕተት ስለሆነ ይህን ልብ በሉልኝ። ግን ከባድ መኪና ላይ ተጭኖ እስከ ግንባሩ ጠርዝ መድረስ ይችል ነበር። ትልልቆቹ ባቡር ካልደረሰበት አይደርሱም።

እንግዲህ ዛሬ ያለውን ታንክ ተመልከቱ። ነጂው ፊት፣ ቱሬቱ መሀል፣ ሞተሩ ኋላ። የአሜሪካው አብራምስም ሆነ የሶቪየቱ ቲ-72 ይህንኑ ነው የሚከተሉት። የእስራኤሉ መርካቫ ሞተሩ ፊት ነው፤ እሱን የመሰሉ ጥቂቶች ከደንቡ ወጥተዋል። ሌላው ግን የኤፍቲ ልጅ ነው። የማርክ 1ን ቅርጽ የያዘ ዛሬ የለም።

ኤፍቲ መጀመሪያ የተዋጋው በሜይ 31 ቀን 1918 በሬትዝ ጫካ አጠገብ ነው። ጦርነቱ እስኪያበቃ 3,000 ገደማ ተሠራ። ከ7,000 በላይ የሚል ቁጥር የምታገኙት የታዘዘውንና የተረከቡትን ቀላቅለው ሲጽፉ ነው፤ ተጠንቀቁ። አሜሪካ ቀዳችው። ጣሊያን አሻሽላ ፊያት 3000 አለችው፤ ኢትዮጵያም ከወረራው በፊት ከዚህ ጥቂት ነበራት። ሶቪየቶች ደግሞ በኦዴሳ ግንባር የማረኩትን ፈትተው፣ በ1920 በሶርሞቮ ፋብሪካ አምሳያውን ሠሩ። የሶቪየት ታንክ ኢንዱስትሪ አሀዱ ያለው በዚህ ነው።

በፈረንሳይ፣ በአሚየን በኦገስት 8 ቀን 1918 የሆነው ደግሞ ሰብሮ መግባት ምን እንደሚመስል ያሳያል። ዊፔት የሚባለው የእንግሊዝ ታንክ በመትረየስ ብቻ የታጠቀ ነው። ሌተናንት አርኖልድ ያዘዘው አንዱ ከወገን ተነጥሎ ወደ ጀርመኖች ኋላ ዘለቀ። የመድፍ ቦታ መታ፤ እግረኛና የስንቅ ጋሪ አሳደደ። በመጨረሻ በእሳት ተያይዞ እስኪቆም ለሰዓታት አንድ ታንክ ብቻውን አካባቢውን አመሰው። ከዚያ በኋላ ስለ ታንክ የጻፉ መኮንኖች ደጋግመው ያነሡት ይህን ነው። ዊፔት 14 ቶን ስለሆነ እንግሊዞች «መካከለኛ» ይሉት ነበር፤ ሥራው ግን ከላይ የዘረዘርኩት ነው።

አሁን የኤፍቲን ጉድለት ልናገር፤ የሚያሞግሱት ሰዎች ይዘሉታልና። ቱሬቱ ውስጥ ያለው አንድ ሰው ነው። አዛዡ እሱ፣ ተኳሹ እሱ፣ ጥይት አጉራሹም እሱ። መቀመጫው የተንጠለጠለ ጠፍር ነው። ከነጂው ጋር የሚያወራበት ሬዲዮ የለም፤ በሞተሩ ጩኸት ድምፅም አይሰማም። ስለዚህ በእግሩ ያዘዋል። ጀርባውን ሲመታው ሂድ፣ ትከሻውን ሲመታው ወደዚያ ታጠፍ፣ ራሱን ሲነካው ቁም። ወደ ሚኒባሱ ልመለስ። ረዳቱ ሒሳብ ይቀበላል፣ መልስ ይመልሳል፣ ይጣራል፣ በር ይከፍታል፣ «ወራጅ አለ» ሲባል ጣሪያውን ይመታል። ይህን ሁሉ እየሠራ ሦስት መኪና ቀድሞ ያለውን መንገድ እያየ ሌሎች ታክሲዎችንም ይምራ ብትሉት አይችልም። የኤፍቲ አዛዥ የተጠየቀው ይህን ነው፤ ያውም ጥይት እየዘነበበት።

ፈረንሳይ ይህን ጉድለት ሃያ ዓመት ይዛው ቆየች። በ1940 ጀርመን ስትወራት የነበሯት ሬኖ አር 35፣ ሆችኪስ፣ ሶሙአ፣ ግዙፉ ቢ 1 ሳይቀር ባለ አንድ ሰው ቱሬት ነበሩ። የቢ 1 ብረት 60 ሚሊ ሜትር ውፍረት ነበረው፤ አዛዡ ግን እያጎረሰና እያነጣጠረ ዙሪያውን ማየት አልቻለም። በዚያው ጦርነት ከጀርመኖቹ ታንኮች ከግማሽ በላዩ ፓንዘር 1 እና ፓንዘር 2 ነበሩ። ፓንዘር 1 ማለት 5.4 ቶን፣ 13 ሚሊ ሜትር ብረትና ሁለት መትረየስ ነው። የነሱም ቱሬት ባለ አንድ ሰው ነው፤ ይህን ሳልል ብቀር ማታለል ይሆንብኛል። ልዩነቱ ጀርመኖቹ የሬዲዮ መገናኛ ነበራቸው፤ ፓንዘር 3 እና 4 ደግሞ በቱሬቱ ውስጥ ሦስት ሰው ይዘው አብረዋቸው ነበሩ። ቀላሉ ይቃኛል፣ በተከፈተው ይገባል፤ ከበድ ያለው ይመታል። ቀላሉ ብቻውን ያሸነፈበት ጦርነት ነው የሚል ቢኖርም ትክክል አይደለም።

አሁን ወደ ጣሊያኖቹ። ወደ ኢትዮጵያ ይዘውት የመጡት ሲቪ 33 የሚባለው የመጣው በሌላ መስመር ነው። በ1920ዎቹ መጨረሻ ካርደንና ሎይድ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን አንድ ቶን ተኩል የሚመዝን፣ ሁለት ሰውና አንድ መትረየስ የሚይዝ ተሽከርካሪ ሠሩ። ታንኬት ተባለ። ዋጋው ርካሽ ስለነበር ብዙ አገር ገዛው፤ ፖላንድ፣ ሶቪየት ኅብረትና ጣሊያን የራሳቸውን ከሱ አወጡ። ሲቪ 33 ከ3 ቶን ትንሽ የሚበልጥ ነው። ቁመቱ 1.3 ሜትር እንኳ አይሞላም። ሁለቱ ሰዎች ጎን ለጎን ተጣበው ይቀመጣሉ። ዋናው ነገር፦ ቱሬት የለውም። መትረየሱ ፊት ለፊት ተሰክቶ ግራና ቀኝ ትንሽ ብቻ ይወዛወዛል። ጎኑና ኋላው ዕውር ነው። ኤፍቲ በ1918 የፈታውን ችግር ጣሊያን በ1933 መልሳ ገዛችው።

ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩ ሰዎች ተከዜን ተሻግረው በሽሬ በደምበጉና መተላለፊያ ላይ ይህንኑ ዕውርነት አገኙት። መንገዱ ጠባብ፣ ዙሪያው ድንጋይና ገደል ነው። ታንኬቱ መዞር ካልቻለ መትረየሱም መዞር አይችልም። ሰዎቹ በጎንና በኋላ መጥተው ላዩ ላይ ወጡበት። ከውስጥ ያለው ላዩ ላይ የቆመውን ሰው የሚተኩስበት ምንም መንገድ የለውም። ይህን ያዩት በውጊያ መሀል፣ ከዚያ በፊት ታንክ ያላዩ ብዙዎች ሆነው ነው። ብረቱማ የጠመንጃ ጥይት ይመልስ ነበር፤ ጎራዴማ አይቆርጠውም። ያሸነፉት ማሽኑ የማያይበትን ቦታ ስላወቁ ነው። «ቆርቆሮ ነበር» የሚለው ወሬ የሚሰርቃቸው ይህን ማስተዋል ነው።

ለሚጠራጠር ከዓመት በታች ወደ ፊት እንሂድ። ኦክቶበር 29 ቀን 1936፣ የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት፣ ሴሴኛ። እነዚሁ የጣሊያን ታንኬቶች ከሶቪየቱ ቲ-26 ጋር ተገናኙ። ቲ-26 ከእንግሊዙ ቪከርስ ባለ 6 ቶን የወጣ ቀላል ታንክ ነው። ብረቱ 15 ሚሊ ሜትር፣ የታንኬቱ 14 ገደማ። ውፍረታቸው ያን ያህል አይራራቅም። ግን ቲ-26 ቱሬት ነበረው፤ ቱሬቱ ላይ 45 ሚሊ ሜትር መድፍ። ታንኬቶቹን ከሩቅ መታቸው፤ አንዱን እንዲያውም ገፍቶ ገደል ከተተው። የጣሊያኑን የቀጠቀጠው ከባድ ታንክ አልነበረም፤ በሥርዓት የተሠራ ቀላል ታንክ ነው። ደምበጉናን እያነሡ «ቀላል ታንክ አይረባም» የሚሉ ሰዎች ይህን ውጊያ ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

ስለ ውፍረት አንድ ነገር ልጨምር። በየቦታው የምታዩት ቁጥር የፊተኛው ብረት ነው፤ በአብዛኛውም ከሁሉ የወፈረው። ጎኑ፣ ጣሪያውና ሆዱ በጣም ይሳሳል። ብረቱ ዘንበል ብሎ ከተገጠመም ጥይቱ የሚያቋርጠው ርቀት ይረዝማል። ሁለት ታንክ በአንድ ቁጥር ማወዳደር ስለዚህ ብዙ አይናገርም።

ቶንም እንዲሁ ነው። ከዘመን ዘመን ይለዋወጣል። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ያገኘችው ኤም 41 ቀላል ታንክ ይባላል፤ 76 ሚሊ ሜትር መድፍ ይዞ በ1977 በኦጋዴን ተዋግቷል። ክብደቱ 23 ቶን ነው። በ1940 ፈረንሳይን ያንበረከኩት ጀርመኖች የነበራቸው ትልቁ ታንካቸው ፓንዘር 4 ነበር፤ እሱ 20 ቶን ገደማ ነው። ኤም 41 ቀላል የተባለው ኦጋዴን ላይ የገጠመው የሶማሊያው ቲ-55 36 ቶን ባለ 100 ሚሊ ሜትር መድፍ በሆነበት ዘመን ነው።