«ጥድ ከሆነማ ምስጥ አይነካውም» እና ሌሎች የጣውላ ወሬዎች

ደብረ ብርሃን ላይ ጣውላ ልትገዙ ከወጣችሁ መካሪ አይጠፋም። ሻጩም፣ ጋሪ ገፊውም፣ አብሯችሁ የመጣው አጎትም ሁሉም አናጺ ነው።

«ባሕር ዛፍ ለአጣናና ለማገዶ እንጂ ለዕቃ አይሆንም።»

እኔም እንዲህ እል ነበር። አንድ ክረምት ከመሰንጠቂያ በወጣበት ቀን በገዛሁት የባሕር ዛፍ ጣውላ ጠረጴዛ ሠራሁ። ጥቅምት ላይ ፀሐይና ንፋስ ሲመጣ ላዩ መሀል ለመሀል ተተረተረ። ሳንቲም ያስገባል! ጥፋቱ ግን የእንጨቱ ሳይሆን የኔ ጥድፊያ ነበር።

እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ያውም እኩል አይደለም። በዓመታዊ ቀለበቱ ዙሪያ የሚኮማተረው፣ ከመሀል ወደ ቅርፊት ከሚኮማተረው እጥፍ ገደማ ነው። መጣመሙና መሰንጠቁ ከዚህ ይመጣል። የኛ ደጋ ነጭ ባሕር ዛፍ ደግሞ በዚህ ጠባዩ የታወቀ ነው። ስለዚህ ጣውላውን ጥላ ውስጥ ደርድሩት፤ በየመሀሉ ቀጫጭን እንጨት አስገቡ፤ ጫፍና ጫፉን ቀለም ቀቡት። ለ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት 1 ዓመት ገደማ ይባላል። መድረቁን ለማወቅ አንዱን ቁራጭ ሱቅ ወስዳችሁ አስመዝኑ፤ በየሳምንቱ ድገሙት። ክብደቱ እየቀነሰ ከሆነ ገና ነው።

«ጥድ ምስጥ አይነካውም።»

የትኛው ጥድ? የሐበሻው ከሆነ፣ መሀሉ ያለው ቀላ ያለውና የሚሸተው ክፍል እውነትም ምስጥ ይቋቋማል። ዳር ዳሩን ያለው ነጩ ግን ይበላል። የፈረንጁ ጥድ ደግሞ የሐበሻውን አያክልም። ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ የሚወርድ በር ከሆነ ነጩን ክፍል አስቀንሱ። ምስማር ከመምታታችሁ በፊትም በድሪል ብሱት፤ ጥድ ቶሎ ይሰነጠቃል። (ሲላግ የሚሸተው ሽታ ግን፣ ለሱ ብቻ ብሠራው አይቆጨኝም።)

«እንጨት ከከበደ ጥሩ ነው።»

ወይራ ለመጥረቢያ እጀታ ወደር የለውም። ለቁም ሳጥን ግን ቀጥ ያለ ሰፊ ጣውላ አይወጣውም፤ ቢወጣውም ማን ያነሳዋል? ዋንዛ ቀለል ያለ ነው፤ ለመላጊያ ይመቻል፣ ምስጥም ቶሎ አይደፍረውም።

«ዝግባ የትም ይሆናል።»

ቤት ውስጥ አዎ። መሬት ከነካና ዝናብ ካገኘው ግን ይበሰብሳል። ደግሞ ከየት እንደተቆረጠ ጠይቁ። ወፍ ዋሻ ያሉት ጥድና ዝግባ የጥብቅ ደን ናቸው፤ ርካሽ ዝግባ ሲያቀርቡላችሁ መጀመሪያ የመጓጓዣ ፈቃዱን አሳዩኝ በሉ።