ወረርሽኝ በጅማ ሥራና ገቢ ላይ

በጅማ ከተማ ወረርሽኝ ማንን ቀድሞ እንደሚጥል ለማወቅ ከገቢው መጠን በፊት ገቢው በየስንት ጊዜው እንደሚገባ መጠየቅ ይበጃል። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዙን በወር ያገኛል። የቡና ገበሬ ዋናው ገንዘቡ ከጥቅምት ጀምሮ በሚለቀመው ቡና ይመጣል። የባጃጅ ሹፌር፣ የቀን ሠራተኛና ጀበና ቡና ሻጭ ግን ዛሬ ካልሠሩ ማታ የሚበላ የለም።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ የታወቀው መጋቢት 4 ቀን 2012 ሲሆን፣ ትምህርት ቤቶች በሦስት ቀን ውስጥ ተዘጉ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ የሕዝብ ማመላለሻ በግማሽ ወንበሩ እንዲጭን ተወሰነ። አሠሪ ሠራተኛውን እንዳያሰናብት፣ አከራይም ተከራዩን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ታዘዘ። ትእዛዙ በጎ ነበር፤ ነገር ግን የሥራ ውል የሌለውን ሰው የሚያሰናብተው አሠሪም ስለሌለ ከለላው አልደረሰውም።

ወቅቱም ለጅማ ክፉ ነበር። የቡናው ገንዘብ በመጋቢት መንምኗል፣ ቀጣዩ ለቀማ ሩቅ ነው፣ መሃል ላይ ክረምቱ አለ።

ከተማዋ የምትተዳደረው በቡና ብቻ አይደለም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ሲሄዱ በየግቢው በር የነበረው ገበያ አብሮ ሄደ፤ ልብስ አጣቢዋ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ ሽሮ ቤቱ፣ ሊስትሮው በአንድ ሳምንት ደንበኛ አጡ።

የባጃጁ ሒሳብ ነገሩን በግልጽ ያሳያል። ባጃጅ ከኋላ ሦስት ሰው ይጭናል፤ ግማሹ አንድ ተኩል ስለሆነ የሚጫነው አንድ ነው። ታሪፉ በእጥፍ ቢጨምር እንኳ ሹፌሩ ከሦስት ሰው ያገኝ ከነበረው አንድ ሦስተኛውን ያጣል። ለማሳያ ያህል፣ በቀን 600 ብር ሠርቶ 300ውን ለባለቤቱ የሚያስገባ፣ 150 ለነዳጅ የሚያወጣ ሹፌር 150 ይተርፈዋል። ሥራው ወደ 400 ሲወርድ ለባለቤቱ የሚያስገባውና ነዳጁ ካልቀነሱለት 50 ብር ከኪሱ ይጨምራል። ባለቤቱ የቀን ገቢውን ካልቀነሰለት ቁልፉን መመለስ ነው ያለው።

የጀበና ቡና ሻጭ ጉዳት ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚገባ። የትናንቱ ሽያጭ የዛሬውን ከሰል፣ ስኳርና ጥሬ ቡና ይገዛል። ረከቦቷን ከብበው የሚቀመጡት ሰዎች ሲቀንሱ፣ ቢሮውም ጭር ሲል፣ መጀመሪያ ትርፏን፣ ቀጥሎ መነሻ ገንዘቧን ለልጆቿ ቀለብ ታውለዋለች። መነሻው ካለቀ በኋላ ክልከላው ቢነሳም ጀበናው እሳት ላይ አይጣድም። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲቀሩ ደግሞ ጠባቂ የምትሆነው እሷው ናት።

በቡና መጋዘን ጥሬ ቡና የሚለቅሙ ሴቶች ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ስለሚሠሩ፣ መራራቅ ሲታዘዝ ግማሾቹ ቤት ይቀራሉ። ጫት ሻጩ ጫት የሚያመጣለት መኪና አንድ ቀን ከቀረበት ዕቃው ይጠወልግበታል። ልጁ ዓረብ አገር ያለችበት ቤተሰብ እዚያ ያሉት አሠሪዎች ልጅቷን ሲያሰናብቷት የሚላክለትን ያጣል። ደመወዝተኛው ከሁሉ የተሻለ ነው፤ የእሱ ችግር የገበያው ዋጋ ነው።

ችግሩን ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚያሻግረው እቁብ ነው። 20 ሰዎች በሳምንት 500 ብር ቢጥሉ እጣው 10,000 ይሆናል። በስምንተኛው ሳምንት ቢቋረጥ፣ ስምንቱ ወስደዋል፤ አሥራ ሁለቱ እያንዳንዳቸው 4,000 ጥለው ባዶ እጃቸውን ናቸው። በድምሩ 48,000 ብር በወሰዱት ስምንት ሰዎች ላይ ዕዳ ሆኖ ይቀራል፤ ዋስና ጎረቤት ይጋጫል። ስለዚህ ዳኛውና ጸሐፊው እቁቡን ከሚያፈርሱ ይልቅ መዋጮውን በግማሽ ቀንሰው ዙሩን ቢያስረዝሙ ይሻላል፤ ያልደረሳቸውም ተስፋ አይቆርጡም።

ማገገሙም እንዲሁ እኩል አይደለም። ባጃጁ ሦስት ሰው መጫን ሲፈቀድለት በዚያው ሳምንት ወደ ቀድሞ ገቢው ይጠጋል። ጀበና ሻጯ ግን መነሻዋን ማግኘት አለባት። የእርዳታ ዱቄትና ዘይት መነሻው ሳይነካ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከደረሳት ገንዘቧ ለቡናና ለከሰል ይተርፋል፤ ከወራት በኋላ ከመጣ ግን እንደገና ለመጀመር ጥሬ ገንዘብ ያስፈልጋታል። የልብስ ስፌት መኪናውን ሸጦ የበላው ሰፊ መኪናውን መልሶ እስኪገዛ ድረስ በሌላ ሰው መኪና ተቀጥሮ ይሰፋል።