የኒውክሌር ጣቢያ ሲዘጋ፦ ቡና ላይ የምንሰማው እና እውነታው

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ ኢትዮጵያ የኒውክሌር ኃይል ልታለማ መሆኑ ተነገረ። መስከረም ላይ ደግሞ ሞስኮ ውስጥ ከሩሲያ ጋር የሥራ ዕቅድ ተፈረመ። ከዚያ ወዲህ ደብረ ብርሃን ውስጥ ቡና በተፈላበት ሁሉ ይሄው ይነሳል። የት ይተከል ይሆን? ስንት ሜጋ ዋት? ቢፈነዳስ? ስለ መዝጊያው የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም። አንድ ጡረታ የወጡ ጎረቤታችንን ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ማጥፊያውን ይጫኑታላ! ሌላ ምን አለው?» አሉኝ።

ብዙ አለው። ጣቢያ 40ም ያገልግል 60 ዓመት፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ሲዘጋ የሚደረገው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ፣ ማለትም ማፍረሱ መሬቱን፣ ውሃውንና ሰውን ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ማጥናት፣ ራሱን የቻለ ትልቅ ሥራ ነው። የሰማኋቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ላንሳ።

«ተዘጋ ማለት አለቀ ማለት ነው»

ከጎረቤታችን ልጀምር። ማብላያው (ሪአክተሩ፣ አቶም እየተሰነጠቀ ሙቀት የሚወጣበት ክፍል) ሲጠፋ የአቶም መሰንጠቁ ይቆማል። ነዳጁ ግን ገና ይግላል። ለዓመታት ጥልቅ የውሃ ገንዳ ውስጥ ተቀምጦ መቀዝቀዝ አለበት። ከዚያ በኋላ ነው በወፍራም የብረትና የኮንክሪት መያዣ የሚታሸገው። ጣቢያው ውስጥ ካለው ጨረር 99 በመቶ ያህሉ ያለው እዚህ ነዳጅ ውስጥ ነው። ነዳጁ ሲወጣ አደጋው በጣም ይቀንሳል። የቀረችው 1 በመቶ ግን በቧንቧው፣ በግድግዳው፣ በፓምፑ፣ አንዳንዴም በአፈሩ ውስጥ ተበትናለች። ረጅሙን ጊዜ የሚበላው እሷን መልቀም ነው።

የአሜሪካ ደንብ ለዚህ ሥራ እስከ 60 ዓመት ይሰጣል። ጣቢያው በተዘጋ ቀን የተወለደ ልጅ ጡረታ እስኪወጣ ማለት ነው። ለግንባታው የተሠራው ግምገማ ለማፍረሱ አይበቃም የሚባለውም ለዚህ ነው። ብሪታንያ የማብላያ ማፍረስን የአካባቢ ተጽዕኖ ብቻ የሚመለከት ደንብ እ.ኤ.አ. በ1999 አውጥታለች።

«ድማሚት ቀብሮ መናድ ነው»

ይሄ ከቪዲዮ የመጣ ነው። አሜሪካ፣ ኦሪገን ውስጥ ትሮጃን የሚባል ጣቢያ ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2006 ከ150 ሜትር በላይ የሚረዝም ማማው በፈንጂ ሲናድ በቴሌቪዥን ታየ። ያየ ሁሉ «ኒውክሌሩን አፈነዱት» አለ።

የተናደው የውሃ ማቀዝቀዣ ማማ ነው፤ ጨረር የሌለው ክፍል። ዋናው ነገር ከዚያ 7 ዓመት በፊት ጸጥ ብሎ ሄዷል። የማብላያው ግዙፍ የብረት ጋን ከነውስጡ በሲሚንቶ ተሞላ። 1,000 ቶን ገደማ የሚመዝን ሆኖ ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባ ላይ ወጣ። በኮሎምቢያ ወንዝ ሽቅብ ተጉዞ ሃንፎርድ ወደሚባለው ቦታ ደርሶ ተቀበረ። ጀልባው መንገድ ላይ ቢሰምጥስ? ውሃው ምን ይሆናል? ዓሣውስ? ግምገማ የሚባለው እንዲህ ያለውን ጥያቄ አስቀድሞ የሚመልስ ሰነድ ነው። ፈንጂው ለካሜራ ያምራል እንጂ፣ ገምጋሚ ሌሊቱን የሚያድረው ከጀልባው ጋር ነው።

«ግምገማው ስለ ጨረር ብቻ ነው»

እውነት ለመናገር፣ አብዛኛው ገጽ ስለ ጨረር አይደለም። ስለ አቧራ ነው። ስለ ድምፅ። ስለ ከባድ መኪና ምልልስ። አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ስላለ፣ ሳንባ ስለሚጎዳው አስቤስቶስ የሚባል የግንባታ ቁስ። ከርሰ ምድር ውሃው ወዴት እንደሚፈስ። የትኛው ወፍ መቼ እንደሚጥል። ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ በሬሳ በሚባለው ወንዝ ዳር ላደገ ሰው ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የፋብሪካ ፍሳሽ ምን እንደሆነ በአፍንጫችን እናውቀዋለን።

አንዳንዱ ተጽዕኖ ደግሞ ሰው ከማይጠብቀው በኩል ይመጣል። ኒው ጀርሲ ውስጥ ኦይስተር ክሪክ የሚባል ጣቢያ ነበር። ማቀዝቀዣ ውሃውን ሞቅ አድርጎ ወደ ጅረቱ ይመልሰዋል። በክረምት ሙቀት የሚወዱ ዓሦች እዚያ ይሰበሰባሉ፤ ወደ ደቡብ መሄዳቸውንም ይተዋሉ። ታዲያ በብርዱ ወቅት ጣቢያው ድንገት ሲቆም ውሃው በአንዴ ይቀዘቅዛል። ዓሣው ያልቃል። ይሄ ደጋግሞ ደርሷል። ምንም ጨረር የለበትም፤ የገደላቸው መቆሙ ነው። ስለዚህ ጣቢያ በየትኛው ወር ይጥፋ የሚለው ራሱ የአካባቢ ጥያቄ ነው።

ከዚያ የሰው ነገር አለ። ሜይን ግዛት ውስጥ ዊስካሴት የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከተማዋ ከምትሰበስበው ግብር አብዛኛውን የሚከፍለው ሜይን ያንኪ የተባለው ጣቢያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ለዘለቄታው ሲዘጋ ሥራውም ግብሩም አብሮ ሄደ። አንድ ፋብሪካ ሲዘጋ ደብረ ብርሃን ውስጥ የቤት ኪራይ፣ ምግብ ቤቱ፣ ባጃጁ ሁሉ ምን እንደሚሆን አስቡት። ጥሩ ግምገማ ይሄንንም ይቆጥራል። ብዙ ጊዜ ግን ሁለት አንቀጽ ሰጥተውት ያልፉታል። እኔ ይሄን አልወደውም።

«ጨረሩ ለዘላለም ነው፤ ምንም ቢሠራ ዋጋ የለውም»

የቱ ጨረር? ፕሉቶኒየም 239 ግማሹ ለመጥፋት 24,000 ዓመት ያስፈልገዋል። እሱ ያለው ነዳጁ ውስጥ ነው። ሲፈርስ ሠራተኛውን የሚያስቸግረው ግን ብዙውን ጊዜ ብረቱ ውስጥ ያለው ኮባልት 60 ነው። የእሱ ግማሽ ዕድሜ 5 ዓመት ከጥቂት ነው። 50 ዓመት ብትጠብቁት ከ700 አንድ እጅ ብቻ ይቀራል።

ታዲያ ቆልፎ መጠበቅ አይሻልም? እዚህ ላይ ነው ክርክሩ። ብሪታንያ ብራድዌል የሚባለውን ጣቢያ አሽጋ ለረጅም ጊዜ እንዲቆይ አድርጋለች። ጀርመን ግን ግራይፍስቫልድ ያለውን ወዲያው ማፍረስ ጀመረች። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ብትጠብቅ ጨረሩ ይቀንሳል፤ ግን የትኛው ቧንቧ መቼ እንዳፈሰሰ የሚያውቀው ሰውዬም ይሞታል። ሰነዱ ይጠፋል፣ ሕንፃው ያረጃል። ግምገማው ሁለቱንም መንገድ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማመዛዘን አለበት። አንዱን መንገድ ብቻ ይዞ የሚመጣ ሰነድ፣ ውሳኔው አስቀድሞ አልቋል ማለት ነው።

«ከጸዳ በኋላ ጨረር ዜሮ ይሆናል»

ዜሮ የሚባል ቦታ ዓለም ላይ የለም። አንድ ሰው ከተፈጥሮ ብቻ በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት (ሰው የሚደርሰው ጨረር የሚለካበት መስፈሪያ ነው) ያገኛል፤ ከአፈር፣ ከድንጋይ፣ ከሰማይ። እኛ ደብረ ብርሃን ያለን ደግሞ 2,800 ሜትር ከፍታ ገደማ ላይ ስለሆንን ከሰማይ የሚመጣው ጂቡቲ ካለው ሰው በላይ ይደርሰናል። ብርዱ አልበቃ ብሎ!

ስለዚህ መስፈርቱ «ዜሮ» አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ቦታው ያለ ገደብ ለሕዝብ እንዲመለስ፣ ከጣቢያው የቀረው ጨረር ለአንድ ሰው በዓመት ከ0.25 ሚሊሲቨርት እንዳይበልጥ፣ ከዚያም በታች እስከተቻለ ድረስ እንዲቀንስ ይጠየቃል። «ሙሉ በሙሉ ጸድቷል» የሚል ባለሥልጣን ካጋጠማችሁ፣ በቁጥር ስንት ነው በሉት።

«ካልጸዳ አጥር ማጠር ይበቃል»

መንዝ ጓሳን የሚያውቅ ሰው ለዚህ መልስ አለው። የጓሳ ሣር ከ400 ዓመት በፊት በተጀመረ ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። ሕዝቡ ራሱ ቦታውን ለዓመታት ይዘጋል፤ ጊዜው ሲደርስ ይከፍታል። ግንብ አልነበረም፤ የሚጠብቀው ቀሮ የሚባለው የሕዝቡ ደንብ ነው። ይሄን ያህል ዘመን የቆየ ሥርዓት በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ፈረሰ። ሣሩንም ቀይ ቀበሮውንም ለመጠበቅ እንደገና በሌላ መልክ መደራጀት አስፈለገ። መንግሥት ሲለወጥ ደንብ ይለወጣል።

የኒውክሌር ሰዎችም ይሄን ያውቁታል። የአሜሪካ ደንብ ዝቅተኛ ጨረር ያለው ቆሻሻ የሚቀበርበትን ቦታ ሲያሰላ፣ ጥበቃና አጥር ከ100 ዓመት በላይ ይቆያል ብሎ መተማመን አይፈቅድም። ከዚያ በኋላ ሰው መጥቶ ጉድጓድ ቢቆፍር፣ ቤት ቢሠራ፣ ጎመን ቢተክል ምን ይደርስበታል ተብሎ ይሰላል። 100 ዓመት ለእነሱ አገር እንኳ ረጅም ነው ከተባለ፣ ለእኛ ስንት እንበል?

«ቦታው ላይ ሣር በቅሏል፤ ተጠናቀቀ»

ወደ ሜይን ያንኪ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2005 ማፍረሱ አለቀ። ማብላያው የነበረበት ቦታ ሜዳ ሆነ። ግን 64 ትልልቅ መያዣዎች አሁንም እዚያው ቆመዋል፤ አብዛኞቹ ያገለገለ ነዳጅ የያዙ ናቸው። ዘበኛ ያስፈልጋቸዋል። የአሜሪካ መንግሥት ነዳጁን እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ እረከባለሁ ብሎ ውል ገብቶ ነበር። የሚቀብርበት ቦታ ግን የለውም፤ ስለዚህ አልተረከበም። ኩባንያዎቹ ከሰሱት፣ ካሣም አስከፈሉት። ነዳጁ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ይሄ የሳይንቲስት ጉዳይ ነው፤ ሕዝብ ምን ያውቃል?»

እዚያው ሜይን። ኩባንያው የጸዳውን ኮንክሪት ፈጭቶ እዚያው የሕንፃው መሠረት ውስጥ ሊቀብረው አስቦ ነበር። ነዋሪው አልተስማማም። ክርክሩ ቀጠለ፤ በመጨረሻ ፍርስራሹ ተጭኖ ወጣ። ግዛቲቱም በዓመት 0.10 ሚሊሲቨርት የሚል፣ ከፌዴራሉ የጠበቀ ገደብ አወጣች። ይሄን ያመጣው ስብሰባ ላይ እጁን ያወጣ ሰው ነው።

በነገራችን ላይ የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ኮሚሽን የመዝጊያ ዕቅዱን መጀመሪያ ላይ አያጸድቅም። ሪፖርቱ ይቀርብለታል፤ ሕዝብ ይሰበሰባል፤ 90 ቀን ካለፈ በኋላ ሥራው መጀመር ይችላል። የሚያጸድቀው ፈቃዱ ሊሰረዝ ሲል የሚመጣውን የመጨረሻ ዕቅድ ነው። «ማኅተም አለው» የሚለው ነገር የትኛው ደረጃ ላይ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል።

«እኛ ጋ ጣቢያ የለም፤ አይመለከተንም»

ጣቢያ የለንም። ጨረር አመንጪ ቁስ ግን አለን። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የካንሰር ሕሙማንን ለዓመታት ያከመው በኮባልት ማሽን ነው። ቃሊቲ ያለው የቆላ ዝንብ ማምከኛም ጨረር ይጠቀማል። እነዚህም አንድ ቀን ከአገልግሎት ይወጣሉ።

በትክክል ካልወጡ ምን ይሆናል? እ.ኤ.አ. በ1987 ብራዚል፣ ጎያኒያ ከተማ። አንድ የጨረር ሕክምና ክሊኒክ ቦታ ሲቀይር አሮጌውን ማሽን ባዶው ሕንፃ ውስጥ ትቶት ሄዶ ነበር። ሁለት ሰዎች ገብተው የሚሸጥ ብረት ነው ብለው ወሰዱት። ለአሮጌ ብረት ነጋዴ ሸጡት። ነጋዴው ማታ ሲያየው ከውስጡ ሰማያዊ ብርሃን ይወጣል። ጉድ ነው ብሎ ቤቱ ወሰደው፤ ለዘመድ ለወዳጅ አሳየው። ዱቄቱን ተካፈሉት። ሰውነቱን የተቀባበትም ነበር። ዱቄቱ ሲዚየም 137 የሚባል ጨረር አመንጪ ቁስ ነው፤ መቶ ግራም እንኳ አይሞላም። 4 ሰዎች ሞቱ። ከ110,000 በላይ ሕዝብ ስታዲየም ተሰልፎ ተመረመረ። 249 ሰዎች ላይ ብክለት ተገኘ። ቤቶች ፈረሱ፣ አፈር ተጠረበ።

እዚህ በየመንደሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረውን ልጅ አስቡት። ከባድና የሚያብረቀርቅ ብረት ቢያገኝ ምን ያደርጋል? ይመዝነዋል፣ ይሸጠዋል። እሱን መውቀስ አይቻልም። የማሽኑን መዝጊያ ማን ይፈርምበታል፣ ማንስ ይረከበዋል የሚለው ገና ሲገዛ መጻፍ ነበረበት።

«ገንዘቡ ያኔ ይፈለጋል»

ያኔ ጣቢያው መብራት አይሸጥም፤ ገቢ የለውም። ስለዚህ በብዙ አገር የማፍረሻው ገንዘብ ጣቢያው በሚሠራበት ዘመን እየተቆረጠ ለብቻው ይቀመጣል። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲም ስለ መዝጊያው ማሰብ ገና ንድፉ ላይ እያለ እንዲጀመር፣ የመጀመሪያው የመዝጊያ ዕቅድም ከሥራ ማስጀመሪያ ፈቃድ ማመልከቻው ጋር እንዲቀርብ ይጠይቃል።

እኛ ጋ በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት የተጽዕኖ ግምገማ ሰነድ ለሕዝብ ክፍት መሆን፣ አስተያየትም ሊሰጥበት ይገባል። የኒውክሌሩ ሰነድ በወጣ ጊዜ ቡና ላይ የሚነበበው መጀመሪያ የመዝጊያው ምዕራፍ ቢሆን ደስ ይለኛል፦ የተመደበው ብር ስንት ነው፣ በማን እጅ ይቀመጣል፣ ያገለገለው ነዳጅስ የት ይሄዳል።